የካናቢስ መድኃኒት ወይስ በእጃችን ያለው? ለወሎ ቤተሰቦች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ስሠራ ደጋግመው ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ የካናቢስ ዘይት ነገር ነው። ጠያቂዎቹ ለመዝናናት የሚፈልጉት ሰዎች አይደሉም። የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጇን ይዛ ከአቀስታ የመጣች እናት ትጠይቃለች፤ ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሲያቃስት የሚያድር አባት ያለው የመርሳ ገበሬም ይጠይቃል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደውሎ «እዚህ እኮ በሐኪም ይታዘዛል፤ ሰው ድኖበታል» ብሏቸዋል። ልጁ በየቀኑ ሲወድቅ የሚያይ ሰው ይህን ሰምቶ እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም። ስለዚህ ነገሩን በቁጣም በሹክሹክታም ሳይሆን በግልጽ ላስቀምጠው።

በፊታችሁ ያሉት መንገዶች አራት ናቸው። አንደኛው በአገር ውስጥ በሕግ የተፈቀዱትን መድኃኒቶች በሚገባ መጠቀም፣ ሁለተኛው ዘይቱን በሰው ሻንጣ ማስመጣት፣ ሦስተኛው በሽተኛውን ሕጉ ወደሚፈቅድበት አገር መውሰድ፣ አራተኛው እዚሁ በስውር የሚሸጠውን ቅጠል መሞከር ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አብዛኛው ቤተሰብ ሁለተኛውን የሚያስበው የመጀመሪያውን መንገድ ግማሹን እንኳ ሳይሄድበት ነው። ሁለተኛውንና አራተኛውን ለማንም አልመክርም። ሦስተኛው ትርጉም የሚኖረው ለጥቂት በሽተኞች ብቻ ነው፤ እነማን እንደሆኑ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ በአንቀጽ 525 ስለ ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮችና ዕፀዋት ይደነግጋል። ያለ ልዩ ፈቃድ ማብቀል፣ ማዘጋጀት፣ ወደ አገር ማስገባት፣ ማጓጓዝ፣ ማከማቸት፣ መሸጥና ማከፋፈል ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። ያለ ሐኪም ማዘዣ መጠቀምም ወንጀል ነው። ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ማዘዣ ካለኝ ይፈቀድልኛል ማለት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ኢትዮጵያ ካናቢስን ለሕክምና የምትፈቅድበት ሥርዓት የላትም፤ ሐኪም የሚያዝበት፣ አስመጪ የሚያስመጣበት፣ መድኃኒት ቤት የሚሸጥበት መንገድ አልተዘረጋም። በቶሮንቶ ወይም በሚኒሶታ የተጻፈ የሐኪም ወረቀት ቦሌ ላይ ከለላ አይሆንም።

ከዚህ በተጨማሪ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ መድኃኒት ገበያ ላይ ለመዋል በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመርምሮ መመዝገብ አለበት። ስለዚህ «ይህ ዘይት የሚያሰክረው ንጥረ ነገር የለበትም» ብሎ መከራከር የትም አያደርስም። የለበትም ተብሎ ቢታመን እንኳ ያልተመዘገበ መድኃኒት መሆኑ አይቀርም።

ዓለም አቀፉ ሕግስ? እ.ኤ.አ. የ1961 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት ካናቢስን፣ ሙጫውንና ከእሱ የሚወጡ ጭማቂዎችን በአንደኛው ሠንጠረዥ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ካናቢስ በአራተኛው፣ ማለትም እጅግ አደገኛና ለሕክምና ፋይዳቸው አነስተኛ ናቸው በተባሉት ዝርዝር ውስጥም ነበረ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 2020 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ኮሚሽን በዓለም ጤና ድርጅት ምክር መሠረት በ27 ድጋፍ በ25 ተቃውሞ ከአራተኛው ሠንጠረዥ አወጣው። ያኔ «ካናቢስ በዓለም ተፈቀደ» የሚል ወሬ እዚህም ደርሶ ነበር። የሆነው ያ አይደለም። በአንደኛው ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ስምምነቱም አገሮች ከእሱ የጠበቀ ቁጥጥር እንዲያደርጉ ይፈቅዳል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በዚያው አንደኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ከካናቢስ ጋር ሞርፊንም ተጽፏል። ሁለቱም በአንድ ስምምነት ሥር ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። ልዩነቱ ኢትዮጵያ ለሞርፊን በልዩ የማዘዣ ወረቀት በኩል በር ከፍታ ለካናቢስ አለመክፈቷ ነው። የተከፈተውን በር ግን ስንት ሰው ያንኳኳል? ካንሰር ያለበት በሽተኛ ቤተሰብ ስለ ካናቢስ ሲጠይቀኝ መልሼ «ሞርፊን ታዞለት ያውቃል?» እላለሁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ «አይ» ነው።

«ጫት ተፈቅዶ ካናቢስ ለምን ይከለከላል?» የሚለው ሙግት ደግሞ በየበርጫው ይነሳል። ክርክሩ በራሱ ሊደረግ ይችላል፤ ለቤተሰባችሁ ውሳኔ ግን አንድ ትምህርት ብቻ ነው ያለው። ባቲ ገበያ ላይ በይፋ የሚሸጠው ጫት ብሪታንያ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 2014 ጀምሮ ወንጀል ነው፤ አሜሪካም አይፈቅደውም። በዘመድ ሻንጣ ደረቅ ጫት ልኮ ያሳሰረ ቤተሰብ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የአንዱ አገር ፈቃድ ድንበር አይሻገርም።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች

ዘመድ በስልክ «የካናቢስ መድኃኒት» ሲል ከሦስቱ አንዱን ማለቱ ነው። የትኛውን እንደሆነ ሳይለዩ ማነጻጸር አይቻልም።

የመጀመሪያው በፋብሪካ ተሠርቶ፣ በበሽተኞች ላይ ተፈትኖ፣ በመድኃኒት ተቆጣጣሪ የጸደቀ መድኃኒት ነው። ኤፒዲዮሌክስ ከዚህ ወገን ነው፤ በውስጡ ያለው ካናቢዲዮል፣ በአጭሩ ሲቢዲ፣ የተባለው የማያሰክረው ንጥረ ነገር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ሌኖክስ ጋስቶ እና ድራቬ ለተባሉ ሁለት ብርቱ የልጆች የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቀደው፤ በ2020 ደግሞ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ ከሚባለው በሽታ ጋር ለሚመጣው ጨመረ። ሳቲቬክስ የሚባለው በአፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት የሚያሰክረውን ቲኤችሲንም ይይዛል፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለ የነርቭ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የጡንቻ መግተር ለማላላት ይሰጣል። ድሮናቢኖል በፋብሪካ የሚሠራ ቲኤችሲ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለኬሞቴራፒ ማቅለሽለሽ ይታዘዛል።

ሁለተኛው በሱቅና በኢንተርኔት እንደ ቫይታሚን የሚሸጥ የሲቢዲ ዘይት ነው። ሦስተኛው ራሱ ተክሉ፣ አበባውና ቅጠሉ ነው።

ሐኪም «ይሠራል» ሲል ስለ መጀመሪያው እየተናገረ ነው። በሻንጣ የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ሁለተኛው ነው። አንዲት እናት ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ያሳየችኝ ብልቃጥ አሁንም በዓይኔ ላይ አለች። አውራ ጣት የምታህል፣ ቡናማ፣ ክዳኗ የጎማ ማንጠባጠቢያ ያለው ናት። በላይዋ «1000 ሚሊ ግራም» የሚል በትልቁ፣ «30 ሚሊ ሊትር» የሚል በትንሹ ተጽፎባታል፤ ለስንት ዓመት ልጅ፣ በቀን ስንት ጊዜ የሚል የለም። «ልጄ፣ አምስት አምስት ጠብታ ስጪያት ብላኛለች እህቴ» አለችኝ። «እናቴ፣ ቁጭ ይበሉና አብረን እናስላው» አልኳት።

ስሌቱ ይህ ነው። የልጅቷ ክብደት 20 ኪሎ ነው። ኤፒዲዮሌክስ ሲታዘዝ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በቀን ተጀምሮ ወደ 10 ያድጋል፤ ስለዚህ ለእሷ በቀን 200 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። በብልቃጧ ውስጥ አንድ ሚሊ ሊትር 33 ሚሊ ግራም ቢይዝ ነው። አምስት ጠብታ የአንድ ሚሊ ሊትር ሩብ ያህል ስለሆነ የሚሰጣት ስምንት ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ በጥናት ከተረጋገጠው መጠን ሃያ አምስተኛው እጅ ማለት ነው። በትክክለኛው መጠን ይሰጣት ቢባል ደግሞ ብልቃጧ ከአምስት ቀን አታልፍም። እናትየዋ ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ «ታዲያ ይሄንን ሁሉ ሥጋት ተሸክማ ያመጣችው ለዚህ ነው?» አለች።

በዚያ ላይ ጽሑፉ እውነት ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት በኢንተርኔት የተሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶች ተመርምረው መለያቸው ላይ የተጻፈውን ያህል የያዙት 31 በመቶው ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። በ18ቱ ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲ ተገኝቷል። ይህ ማለት አንድ ዘመድ «የማያሰክረው ነው» ብሎ በቅን ልብ የያዘው ብልቃጥ በምርመራ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የሚጥል በሽታ

ለካናቢዲዮል ጠንካራ ማስረጃ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ በሰፊው ልሂድበት። ድራቬ ያለባቸው 120 ልጆችና ወጣቶች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት ሕፃናት ብርቱ የመጣል ብዛታቸው በወር ከ12.4 ወደ 5.9 ወርዷል፤ ባዶ ፈሳሽ የወሰዱት ግን ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ቀደም ብለው ሌሎች መድኃኒቶችን ሞክረው ያልተሻላቸው ነበሩ፤ ካናቢዲዮሉንም የወሰዱት ሌሎቹን ሳያቋርጡ በላዩ ላይ ጨምረው ነው። ተቅማጥ፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ታይቶባቸዋል፤ ቫልፕሮት በሚወስዱት ላይ ደግሞ የጉበት ምርመራ ውጤታቸው ተዛብቷል። ስለዚህ የሐኪምና የላቦራቶሪ ክትትል የግድ ነው።

በሌላው ወገን በአገራችን ያለውን አስቀምጡት። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ቫልፕሮት በኢትዮጵያ የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት መድኃኒት በትክክል ቢወስዱ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ በጤና ጣቢያ ደረጃም ይሰጣል።

ታዲያ ለምን አልሠራም ይባላል? እኔ የማየው ምክንያት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ ቀን በትንሽ መጠን ተጀምሮ ለዓመታት ሳይስተካከል የቀረ ማዘዣ አለ፤ ልጁ ሲያድግ ክብደቱ ይጨምራል፣ መድኃኒቱ ግን የሦስት ዓመት ልጅ መጠን እንደሆነ ይቀራል። ክረምት ገብቶ መንገድ ሲበላሽ የሚቋረጥ አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈው መድኃኒታቸውን ያጡ በሽተኞች ነበሩ፤ ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ከቀድሞው የባሰ ተከታታይ መጣል ያመጣል። በረመዳን ቀን ቀን አይወሰድም ብለው የሚተዉትም አሉ። ፌኖባርቢታል ግን በቀን አንዴ ማታ የሚወሰድ ስለሆነ ከጾሙ ጋር አይጋጭም። ፀበል የሚጠመቁ ሰዎችም ክኒኑን ይዘው ይጠመቁ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ስለዚህ ለሚጥል በሽታ ምርጫው እንዲህ ይደረደራል። አንድ መድኃኒት በበቂ መጠንና ሳይቋረጥ ካልተሞከረ ስለ ካናቢዲዮል ማሰብ ጊዜው አይደለም። ሁለት መድኃኒቶች በትክክል ተሞክረው ካልሠሩ የነርቭ ስፔሻሊስት ያስፈልጋል፤ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ መሄድ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። እዚያ ሌኖክስ ጋስቶ ወይም ድራቬ ነው ተብሎ በምርመራ ከተረጋገጠ ብቻ የሦስተኛው መንገድ ጥያቄ ይነሳል። ለሴት ልጅ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ቫልፕሮት በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ይጎዳል፤ ልጅ መውለድ ለምትችል ሴት ከመታዘዙ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

(ሰው ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት ይብቃ። ወደ ጎን አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።)

የካንሰር ስቃይ

ለካንሰር ስቃይ ንጽጽሩ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ሞርፊን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ዝርዝሩ ከተጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 1977 አንሥቶ አለ፤ ካናቢስ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ካናቢስን ለካንሰር ስቃይ በሰፊው የፈተኑ ጥናቶች ውጤታቸው ደካማ ነው። የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ ሕመም ካናቢስ እንዳይሰጥ መክሯል። ይህ ካናቢስ ለሕክምና በሕግ የተፈቀደበት አገር ምክር መሆኑን አስታውሱ።

እኛ ዘንድ ሞርፊንን የሚያስቀረው ከሕጉ ይልቅ ፍርሃት ነው። «ሞርፊን ከታዘዘለት አልቆለታል ማለት ነው» ይባላል። «ሱሰኛ ያደርገዋል» ይባላል። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ በመጠኑ ሲሰጥ ሰውየው ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣበት፣ ልጆቹን የሚመርቅበት ጊዜ ይሰጠዋል። የሆድ ድርቀት ያመጣል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝ። በልዩ ወረቀት ስለሚታዘዝ መድኃኒት ቤት ሁሉ አይሸጠውም፤ ከየትኛው እንደምታገኙት የሚያዘው ሐኪም ይንገራችሁ። አንድ ሐኪም «የለም» ቢላችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ። ወደ ሪፈራል ሆስፒታል እንዲልካችሁ ጠይቁ፤ የስቃይ ማስታገሻ ማግኘት የበሽተኛው መብት ነው።

በኬሞቴራፒ ምክንያት ለሚመጣ ማቅለሽለሽ ብዙ አልልም። ኦንዳንሴትሮንና ሜቶክሎፕራማይድ ይታዘዛሉ፤ ውጭ አገርም ድሮናቢኖል የሚታሰበው እነዚህ ሳይሠሩ ሲቀሩ ነው። «ካናቢስ ካንሰርን ራሱን ያድናል» የሚለው ወሬ ደግሞ በሰው ላይ የተረጋገጠ ማስረጃ የለውም። በዚህ ተስፋ ቀዶ ጥገናውን ወይም ኬሞውን የሚያዘገይ ሰው ሊተካ የማይችል ጊዜ ያጠፋል።

በሻንጣ ማስመጣት

ይህን መንገድ የሚያስቡ ሰዎች የሚፈሩት የቦሌን ፍተሻ ብቻ ነው። መንገዱ ግን ከቦሌ በፊት ይጀምራል። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ ብዙ ዘመዶች በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል ያልፋሉ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የሲቢዲ ዘይትን ጨምሮ የካናቢስ ምርቶችን ለትራንዚት መንገደኛም አትፈቅድም። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ ማስገባት በሞት ያስቀጣል፤ ቆሞ የነበረው በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የሚፈጸመው የሞት ቅጣት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 እንደገና ተጀምሯል። የወሎ ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ልጅ ወይም ወንድም በገልፍ አገሮች አለው። ከእነሱ ጋር ይህን ነገር በስልክም ቢሆን አታንሱት።

አሜሪካ ያለው ዘመድም ነጻ አይደለም። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ካናቢስን ቢፈቅዱም የፌዴራሉ ሕግ አይፈቅድም፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ ይታያል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በሚፈቅድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሆኖ ካናቢስ መጠቀሙን ወይም መሸጡን ቢያምን እንኳ ዜግነት ሲጠይቅ ሊከለከል ይችላል። እህታችሁ ብልቃጥ ከመግዛቷ በፊት ይህን ትወቅ።

ብሪታንያ ውስጥ እንኳ ሕጉ ከመለወጡ በፊት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ከካናዳ የመጣ የአንድ ታማሚ ልጅ ዘይት ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተወርሷል። ጉዳዩ አገር አነጋግሮ በልዩ ፈቃድ ተመለሰለት፤ ከአምስት ወር በኋላም ሕጉ ተለወጠ። የዚያ ልጅ እናት ዘይቱን የያዘችው በይፋ፣ በሐኪም ስምና በሕዝብ ፊት እንጂ በሻንጣ ጥግ ደብቃ አልነበረም። እኛም አገር ሕጉ ቢያንስ በውጭ አገር ለተመዘገበው የልጆች መድኃኒት በር እንዲከፍት እፈልጋለሁ፤ መንገዱ ግን የሐኪሞችና የወላጆች ማኅበራት በይፋ የሚጠይቁበት መንገድ ነው።

ወደ ውጭ መሄድ

ምርመራው ተረጋግጦ፣ ገንዘብም ተገኝቶ ወደ ውጭ የሚያስቡ ካሉ አገሮቹ አንድ አይደሉም። ብሪታንያ ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2018 ጀምሮ ትፈቅዳለች፤ የመጀመሪያውን ማዘዣ የሚጽፈው ግን በዘርፉ የተመዘገበ ስፔሻሊስት ብቻ ነው፤ በመንግሥት የጤና አገልግሎት በኩል የሚታዘዝለትም ጥቂት ሰው ነው። ጀርመን ከእ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 ጀምሮ ፈቅዳ በሚያዝያ 2024 ካናቢስን ከናርኮቲክ ዝርዝር አውጥታዋለች፤ ከማየው ሁሉ ቀለል ያለው ሥርዓት የእሷ ይመስለኛል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2022 በሰፊው ከፍታ በ2025 ወደ ሐኪም ማዘዣ መልሳዋለች፤ ሕጉ እንዲህ በሚገለባበጥበት አገር የረጅም ጊዜ ሕክምና መጀመር አልመክርም። በአህጉራችን ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምና ካናቢስ ማብቀል ስትፈቅድ ቀዳሚ ነበረች፤ ፈቃዱ በዋናነት ለላኪ ኩባንያዎች እንጂ ለበሽተኛ የተሰጠ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሐኪም ላልተመዘገበ መድኃኒት ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅበት አሠራር አለ፤ ይህ ለአፍሪካዊ ቤተሰብ ቅርቡ በር ነው።

ዋጋው ይታሰብ። ኤፒዲዮሌክስ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ሲወጣ የዓመት ዋጋው 32,500 ዶላር ገደማ ነበር። ከዋጋው የሚከብደው ግን መመለሱ ነው። ይህ መድኃኒት ሁለት ሳምንት ተወስዶ የሚተው አይደለም፤ ለዓመታት ይቀጥላል። በበርሊን የተጀመረው በደሴ አይቀጥልም። በሼንገን አገሮች መካከል ለ30 ቀን የሚያገለግል የመድኃኒት መያዣ ሰነድ አለ፤ እሱም ከእነዚያ አገሮች ውጭ አይሠራም። ስለዚህ ሦስተኛው መንገድ የሚያዋጣው እዚያ ለመኖር ፈቃድ ላለው ወይም ለሚያገኝ ቤተሰብ ነው። ለጉብኝት ሄዶ ለመመለስ ከሆነ ልጁን ለተጨማሪ ማቋረጥ ማጋለጥ ነው።

በስውር የሚሸጠው ቅጠል

አጭር ነው። ከሻሸመኔ አካባቢ መጣ የተባለውም ይሁን ሌላው በውስጡ ስንት ቲኤችሲ እንዳለ ማንም አያውቅም። ቲኤችሲ በወጣቶች ላይ የአእምሮ መቃወስ ሥጋትን ይጨምራል፤ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ የተረጋገጠ ጥቅም የለውም። ከእስራት ሥጋት ጋር ተደምሮ ከአራቱ ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ነገ ጠዋት ምን ይደረግ?

አንድ ደብተር ግዙ። ልጁን የጣለው በስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ በዚያ ቀን መድኃኒቱን ወስዶ እንደነበር ጻፉ። ሲጥለው በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ለነርቭ ሐኪም ከቃል ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። ክብደቱን አስመዝኑና ማዘዣው በዚያ ክብደት ልክ መሆኑን ጠይቁ። የካንሰር በሽተኛ ከሆነ ስቃዩ ከአሥር ስንት እንደሆነ ማታና ጠዋት ጻፉና ሐኪሙን «ሞርፊን ለምን አይታዘዝለትም?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ካልከፈላችሁ በምዝገባው ወቅት ክፈሉ።

ውጭ አገር ያለው ዘመድ መርዳት ከፈለገ ደግሞ ብልቃጥ አትጠይቁት። የአዲስ አበባ ትራንስፖርት፣ የአንድ ሳምንት ማደሪያ፣ የአንጎል ሞገድ ምርመራና የኤምአርአይ ክፍያ ይላክ። የዚህን ሒሳብ ዝርዝር የሚጽፍላችሁ መድኃኒት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱና አጽፋችሁ በስልክ ላኩለት።